የላምቦሬ ወፍጮ ድምፅ

አንድ ሰው የተሰበረ ጥርስ ለማየት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ጊምቢቹ ድረስ ሄደ ቢሏችሁ የጥርስ ሐኪም ነው ትላላችሁ። ደብረ ብርሃን ያለችው እናቴም ለጎረቤት ያወራችው እንደዚያ ነው። የኔ ጥርስ ግን የብረት ነው። ያኔ በቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ረዳት መምህር ነበርኩ፤ የማጠናውም ማርሽ ነው፣ ያውም ጥርሱ ሰያፍ የሆነውን። ሁለት ማርሾች ሲነካከሱ ጥርሳቸው ምን ያህል ይለመጣል፣ መቼ ይንቀጠቀጣል እያልኩ ወረቀት ስሞላ ነው የኖርኩት። የተሰበረ ማርሽ ግን በእጄ ይዤ አላውቅም ነበር።

የመምሪያ ኃላፊያችን አንድ ቀን ጠርቶኝ፣ "ሀዲያ አገር የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ወፍጮ አለ። የካምቢዮ ሳጥኑ ጥርስ ረግፏል። ወፍጮውን የሚያንቀሳቅሰው ሰውዬ በኢኮኖሚ አሻጥር ተጠርጥሮ ታስሯል። ራሱ ተሰበረ ወይስ ሰው ሰበረው? ይህን የሚነግረን ባለሙያ ላኩልን ብለዋል" አለኝ። ቀና ብሎም ሳያየኝ፣ "አንድ ገጽ ብትጽፍ ይበቃል" ሲል ጨመረ።

አንድ ገጽ! በዚያ ዘመን አሻጥረኛ የተባለ ሰው መጨረሻው ምን እንደሆነ ማን ያጣዋል? ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መቀመጥ አቃተኝ። ቆሜ በላሁ፣ ቆሜ አነበብኩ፣ ተመልሼ እስክመጣም ልቤ አላረፈም። ይህን የምጽፈው በዚያ በኩል ማለፍ ለማይገጥማችሁ ስለሆነ ግን፣ እንደምንም ራሴን ይዤ በየቀኑ ልተርከው።

ሰኞ ማለዳ ከአውቶቡስ ተራ ተነሣን። ጭኔ ላይ በእንጨት ሣጥን ውስጥ የንዝረት መለኪያ ይዣለሁ። ፋኩልቲው ያለው እሱ ብቻ ነው፤ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ሲያስፈርመኝ ልጁን ለጦር ሜዳ እንደሚሸኝ አባት ነበር ያየኝ። አንድ ኬላ ላይ ወታደሩ ሣጥኑን አስከፈተኝና፣ "ይሄ ሬዲዮ ነው?" አለ።

"አይደለም፣ ንዝረት የሚለካ ነው።"

"የምን ንዝረት?"

"የማርሽ።"

አውቶቡሱን ከፊት እስከ ኋላ አየት አደረገና፣ "እንግዲያው ሩቅ ምን አስኬደህ? እዚሁ ለካ" ብሎ አሳለፈን። ሰው ሁሉ ሲስቅ እኔ አልሳቅሁም። እኔ ያኔ የምስቅ ሰው አልነበርኩም።

ከቡታጅራ ወዲያ አቧራው እንደ ጉድ ነው። ፀጉሬ ቀላ፣ ጥርሴ አሸዋ አላመጠ። ከዚያ እንሰቱ ጀመረ። እኛ ደብረ ብርሃን ከቤት ብቅ ስትል የምታየው ድንጋይ፣ ገብስና አድማስ ነው፤ ነፋሱም ፊት ለፊት ይመጣብሃል። እዚህ ግን ቤቱ ሁሉ በቅጠል ታጥሮ መንገደኛ ሰው መኖሩን የሚያውቀው በጭሱ ነው። ሆሳዕና ስንገባ ዝናብ ጀመረ፤ አቧራው ላዬ ላይ ወደ ጭቃ ተለወጠ። የሆቴሉ ባለቤት አይታኝ፣ "ውይ በሞትኩት፣ ይህን ልጅ ምን አገኘው?" ብላ ሙቅ ውሃ አስመጣችልኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ጉዳዩን የያዘው ካድሬ ዘንድ ቀረብኩ። የኔ እኩያ ነው፤ ትሑት ነው፤ ትሕትናው ነው ያስፈራኝ። ሻይ አስመጣልኝ።

"ጓድ ኢንጂነር፣ እኛ የምንፈልገው እውነቱን ብቻ ነው። ሰውዬው የሞተሩን ፍጥነት በገዛ እጁ ሲቀንስ ያዩ ምስክሮች አሉ። ከዚያ በኋላ ነው ጥርሱ የረገፈው። የፊታችን ሰኞ ሕዝቡ ይሰበሰባል፤ ውጤትህን እዚያ ታነባለህ።"

"ፍጥነት መቀነስ እኮ ማርሽ አይሰብርም" ልል አፌ ላይ ደረሰ፤ ዋጥኩት። ደግሜም ሳስበው ነገሩ ሰውዬውን አይጠቅመውም። ፍጥነት መቀነስ የማይሰብር ከሆነ ማን ሰበረው?

ወደ ጊምቢቹ የሚሄደው መኪና የከድር ነው። ከድር ወፍራም፣ ቀልደኛ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ በዚያ መንገድ የተመላለሰ ሾፌር ነው፤ አውቶቡሱም ከሱ ብዙ አያንስም። ገብቼ ገና ሣጥኔን ወንበር ላይ ሳስቀምጥ፣ "ወንዶች ውረዱ!" አለ።

"ምን ሆነ?" አልኩት።

"ምንም አልሆነ። ልትገፉ ነው።"

"ባትሪው ሞቷል?"

"ባትሪ ምን ያደርጋል፣ ይሄ ሁሉ ሰው እያለ?"

ጭቃው ውስጥ ገፋን። ሞተሩ ድንገት ተነሥቶ መኪናው ሲወረወር ከውስጥ አንድ ነገር "ጓ!" ሲል ሰማሁ። ሣጥኔ ነው። መለኪያው ወለሉ ላይ ተዘርግፎ መርፌው ከመስተዋቱ ወጥቷል። ጮኽኩበት፣ ሰደብኩት ማለት ይቀለኛል። ከድር እስክጨርስ ሰማኝና፣ "ወንድሜ፣ ዕቃህን ይዘህ ገፍተህ ቢሆን ኖሮ ደህና ነበር" አለኝ። ከዚያ በኋላ ጊምቢቹ እስክንገባ አልተነጋገርንም። በየፌርማታው ሰው ሲወርድና ሲወጣ፣ ዕቃ ሲጫን፣ እሱም ሻይ ሲጠጣ ሞተሩ ይንተከተካል እንጂ አይጠፋም። ከጠፋ መግፋት ነው።

ከጊምቢቹ እስከ መንደሩ በእግር ነው። የተቀበሉኝ የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ሄራሞ ናቸው፤ ረጅም፣ ለመናገር የማይቸኩሉ ሰው። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስቴር ጫማዬን አስወልቀው እግሬን ራሳቸው አጠቡኝ። እምቢ ብል ማን ሰምቶኝ! እራት ቆጮ በጎመንና በአይብ ነበር። ሳይበላ በፊት በሩን ዘጉና አቶ ሄራሞ አንገታቸውን ደፍተው ጸለዩ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። ያኔ ጴንጤ መሆን እንዲህ ነበር። ቆጮውን መጀመሪያ ስቀምሰው ኮምጠጥ አለኝ፤ ከእኛ የገብስ ዳቦ ጋር ምንም አይገናኝም። ሁለተኛው ጉርሻ ላይ ለመድኩት፣ ሦስተኛውን ራሴ አነሣሁ። አልጋቸውን ለኔ ለቀው እነሱ ከጥጆቹ በኩል አነጠፉ።

ረቡዕ ወፍጮ ቤቱ ተከፈተልኝ። በሩ ፊት እህል የያዙ ሴቶች ቆመው ነበር፤ ወፍጮው እንደማይሠራ እያወቁ "ኢንጂነር መጥቷል" ሲባል ተሸክመው የመጡ።

ላምቦሬን አንድ አብዮት ጠባቂ ይዞት መጣ። ወፍጮ አንቀሳቃሹ እሱ ነው፤ ቀጭን፣ ነጭናጫ፣ ቅንድቡ ላይ እስካሁን ዱቄት ያለበት የሚመስል ሰው። ከእግር እስከ ራሴ አየኝና፣ "የምትፈርድብኝ አንተ ነህ? እኔ ሽማግሌ ነበር የጠበቅኩት" አለ።

"እኔ ማርሹን ነው የማየው።"

"እሱን እይ እንግዲህ። እኔን ያዩኝ ይበቃል።"

የካምቢዮ ሳጥኑን ፈታን። የትንሹ ማርሽ ጥርሶች ጫፍ ጫፋቸው እየተቆረሰ ረግፏል። ላምቦሬን ፍጥነቱን ለምን እንደቀነሰ ጠየቅኩት።

"ለድምፁ ነዋ!" አለ፣ እንዴት ይህን አታውቅም በሚል አነጋገር።

በዚያ አገር ወፍጮ ሁሉ የማርሚታው፣ የጭስ ማውጫው፣ ጫፍ ላይ ጣሳ ይገጠምለታል። ጣሳው "ቱክ ቱክ" ሲል ወፍጮው መሥራቱ በየተራራው ይሰማል፤ ሴቶቹም ሰምተው እህላቸውን ይሸከማሉ። እኛም አገር እንዲሁ ነው፤ ብቻ እኛ አገር ሜዳ ስለሆነ ድምፁ ከየት እንደመጣ ይታያል። እዚህ ገደል፣ ጉምና እንሰት ነው። ከወንዙ ማዶ የአንድ ነጋዴ ወፍጮ አለ፤ የሁለቱ ድምፅ ደግሞ አንድ ዓይነት ነበር። አንዷ የማኅበሩን ሰምታ የማዶው ነው ብላ ገደል ወርዳ ትሻገራለች፣ ሌላዋ የማዶውን ሰምታ ያን ዕለት የማይሠራው የማኅበሩ ወፍጮ በር ላይ ትቀራለች።

"እናም ቀስ አደረግሁት" አለ ላምቦሬ። "ፍጥነት የሚይዘውን ብሎን ላላ፣ ላላ ሳደርገው ዱም… ዱም… ዱም… አለ። ከበሮ በለው! አገሩ ሁሉ ወደደው። ጉም ውስጥ ሆና ሰምታ የምትሳሳት ሴት የለችም።"

"ማን አዘዘህ?"

ጠባቂውን አየው፣ ከዚያ መሬቱን። "ማንም" አለ።

ማርሹን ይዤ ጊምቢቹ ወጣሁ፤ ቅቤ ነጋዴዎቹ ሚዛን ላይ እንድመዝነው። አንዷ፣ "ይሄ ደግሞ ስንት ያወጣል?" ብላ ገበያውን አሳቀችብኝ። ክብደቱን ይዤ ተመለስኩና ሒሳቤን ዘረጋሁ።

ነገሩን በቀላሉ ላስረዳችሁ። ብረት ደረቅ ይመስላል እንጂ ጥርሱ ሲጫኑት እንደ ሞላ ይለመጣል። ማርሽ በዞረ ቁጥር አንዱ ጥርስ ይለቃል፣ ሌላው ይይዛል፤ የያዙት ሲበዙ ሞላው ይጠነክራል፣ ሲያንሱ ይላላል። ቀጥ ያለ ጥርስ በአንዴ ጥርቅም ብሎ ይገጥማል፤ ሰያፉ ግን ከአንድ ጫፍ ጀምሮ ቀስ እያለ ስለሚገባ ለውጡ ትንሽ ነው፣ ጩኸቱም ትንሽ ነው። ቢሆንም ለውጥ አለ። ይህ መጥበቅና መላላት ማርሹን በየጥርሱ ይገፋዋል። ልጅ ዥዋዥዌ ላይ አስቀምጣችሁ በሰዓቱ በሰዓቱ ብትገፉት ከፍ እያለ እንደሚሄደው፣ ግፊቱ ከማርሾቹ የራስ መወዛወዝ ጋር የገጠመ ዕለት ጥርስ ከጥርስ እየተላቀቀ ይደባደባል። ያኔ አይደለም ጥርስ፣ ዘንጉም አይተርፍ። የኔ ሥራ ያ ፍጥነት የቱ እንደሆነ ማስላት ነው።

አሰላሁ። ያ ክፉ ፍጥነት ከላምቦሬ ዱም ዱም እጅግ የራቀ፣ በጣም ከፍ ያለ ሆኖ ወጣ። ደግሜ አሰላሁ፤ ያው ነው። እንግዲህ በወረቀቴ ላይ ወፍጮው ምንም አልሆነም፤ የሰው እጅ ነው የሰበረው። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ወይዘሮ አስቴር ራት ሲያቀርቡ መብላት አልቻልኩም። "አሞሃል እንዴ ልጄ?" አሉኝ። "የለም" አልኩ። ዋሽቻለሁ፤ ያንን ወረቀት በኪሴ ይዤ ጤነኛ አልነበርኩም።

ሐሙስ ሳይነጋጋ ግቢውን ስዞር ነበር። ወፍጮ ቤቱ እንደተከፈተ የተረፉትን ጥርሶች አንድ በአንድ በጨርቅ ጠረግሁ። ያኔ አየሁት። ጥርሱ የሚያበራው፣ ከሌላው ጋር ተፋጭቶ የጠራው፣ በአንድ ጫፉ በኩል ብቻ ነው! ሌላው ወገን ጥቁር ነው፤ ነክቶም አያውቅ። የዘንጉን ጫፍ ይዤ ሳነቃንቀው ቀጭ ቀጭ አለ። ዘንጉን የሚሸከመው ኩሽኔታ አልቋል። ዘንጉ ዘንበል ብሏል፤ ማርሾቹም በሙሉ ወርዳቸው መያዛቸው ቀርቶ በጥግ በጥጋቸው ተያይዘዋል።

"ምን አገኘህ?" አለ ላምቦሬ።

"ዝም በል!" አልኩት። ጮኼ ነበር መሰለኝ፣ ጠባቂውም ደነገጠ።

የኔ ሒሳብ ጥርሱ ሙሉ በሙሉ ይገጥማል ብሎ ነው የተነሣው። ሰያፉን ጥርስ በሐሳብ እንደ ዳቦ በስስ በስሱ ቆርጬ፣ የያንዳንዱን ቁራሽ ጥንካሬ ደምሬ ነበር። አሁን የማይነካውን ወገን ሁሉ አውጥቼ ደመርኩ። ሞላው ላላ። ሞላው ሲላላ ክፉው ፍጥነት ወረደ፣ ወረደና ዱም ዱም ላይ አረፈ። ዘልዬ ላምቦሬን አቀፍኩት። "አብዷል" አለ ለጠባቂው።

በወረቀት የሚያምነኝ ግን እንደሌለ ስለማውቅ መታየት ነበረበት። ከወፍጮው ጋር ተጠባባቂ ማርሾች መጥተው ነበር፤ እነሱን በአሮጌው ኩሽኔታ ላይ ገጠምን። መለኪያዬ ስለተሰበረ የካምቢዮ ሳጥኑ ክዳን ላይ ዱቄት ነሰነስኩ። ላምቦሬ ሞተሩን አስነሥቶ ቀስ በቀስ ወደ ዱም ዱም ሲያወርደው ዱቄቱ ይናጥ ጀመር፣ ክዳኑን ለቆ ወጣ፣ ሳጥኑም አጓራ። "አጥፋ! አጥፋ!" ብዬ ጮኽኩ። እነዚያም ጥርሶች ቢረግፉ ሌላ የለም። ፈጠን ሲያደርገው ዱቄቱ ተቀመጠ፤ ግን ወዲያው በር ላይ ያሉት ሴቶች፣ "ይሄ የማዶው ነው! የኛ አይደለም!" ብለው አጉረመረሙ። ስለዚህ የሚያስፈልገኝ አዲስ ኩሽኔታ ነው። አዲስ ኩሽኔታ ማርሾቹን በሙሉ ወርዳቸው ያስይዛቸዋል፤ ሞላው ይጠነክራል፣ ክፉው ፍጥነት ወደ ላይ ይሸሻል፣ ድምፁም ባለበት ይቆያል።

ዓርብ ከጊምቢቹ በከድር መኪና ተሳፈርኩ፤ ሌላ የለማ። ሾኔ ውስጥ የመለዋወጫ ዕቃ የሚነግድ አማች እንዳለው ሰማሁና ኩርፊያዬን ዋጥኩ። ነገሩን ሁሉ ነገርኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀልድ ሰማኝ።

"ላምቦሬ ነው የታሰረው? ያ ነጭናጫው? የዱም ዱሙ?" አለ። "እኔ እኮ በጉም ቀን ጊምቢቹ መድረሴን የማውቀው በሱ ወፍጮ ነው።"

መንገድ ላይ የጁምዓ ሰላት ደረሰ። መኪናውን መስጊዱ ፊት አቆመና፣ "ና እዚህ ተቀመጥ፤ እግርህን ነዳጁ ላይ አድርግ። ከጠፋ ወላሂ ብቻህን ነው የምትገፋው" አለኝ። ተሳፋሪው ከኋላ እየሳቀብኝ፣ ሰላቱ እስኪያልቅ የከድርን ሞተር ሳሞቅ ቆየሁ። አንድ ኢንጂነር ለአገሩ ያደረገው ይህ ነው ብዬ በሆዴ ተሳደብኩ።

ከሆሳዕና የእህል መኪና ላይ ተሰቅዬ በአንጋጫ በኩል ዱራሜ ገባሁ። አጠገቤ ተሰቅሎ የነበረ አንድ የከምባታ መምህር ሆቴል ስጠይቀው፣ "ሰው እያለ ሆቴል?" ብሎ ወደ ቤቱ ወሰደኝ። የኛ አገር ሰው እንግዳ ይቀበላል፤ ግን መጀመሪያ የማን ልጅ እንደሆንክ አጣርቶ ነው። ይሄኛው ስሜን የጠየቀኝ በማግስቱ ሲሸኘኝ ነው።

ቅዳሜ ሾኔ ገበያ ነበረ። የከድር አማች ሱቁን ለልጁ ትቶ የኩሽኔታ ክምሩን መሬት ላይ ዘርግፎ አብሮኝ ተንበረከከ። አንዱ ይጠባል፣ አንዱ ይሰፋል፣ አንዱ ሲዞር ይንኮሻኮሻል። ተስፋ ልቆርጥ ስል ከአሮጌ የጭነት መኪና ጎማ የወጣ አንድ ጥንድ ገጠመ። በጋዝ ታጥቦ ሳዞረው ያለ ድምፅ ዞረ። ሳልበላ ልሄድ ብል፣ "ኩሽኔታው ሆድ የለውም፣ አንተ ግን አለህ" ብሎ አስቀመጠኝ። ማታ ጊምቢቹ የደረስኩት በከድር መኪና ነው። ኩሽኔታዎቹን ሁለት ቦታ ስንገፋም ከእጄ አልለቀቅኩም።

እሑድ ጠዋት ወይዘሮ አስቴር አታካና ሠሩልኝ፤ ቡላ በወተትና በቅቤ ነው፣ ለትልቅ እንግዳ ብቻ የሚሠራ። አቶ ሄራሞ ለከብቶቹ ወጥተው ነበር። ሴትየዋ ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

"ላምቦሬን ድምፁን ቀይር ብሎ ያዘዘው የኔ ባል ነው" አሉ። "ሴቶች ስብሰባ ላይ አቤት ስንል እሱ ተነሥቶ አዘዘ። ላምቦሬ ስሙን አይጠራም፤ ሥራውን የሰጠው እሱ ነዋ። ባሌም የልጆች አባት ነው፤ ፈራ። ላምቦሬ ከታሰረበት ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለውም።"

ማንኪያውን አስቀመጥኩ። "ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?"

"ጻፍ አልልህም፣ አትጻፍም አልልህም። ብላ ብቻ።"

በላሁ። እንዴት እንደዋጥኩት አላውቅም። ያልጋቸውን ሙቀት ያገኘሁ፣ እጃቸው እግሬን ያጠበኝ እኔ ነኝ። ዝም ካልኩ ላምቦሬ፣ ከተናገርኩ አቶ ሄራሞ።

ከሰዓት በኋላ ላምቦሬና እኔ ኩሽኔታዎቹን ገጠምን። ዱቄት ነሰነስኩ። ሞተሩ ከፍ ብሎ ጀመረና ላምቦሬ አወረደው፣ አወረደው… ዱም… ዱም… ዱም። ዱቄቱ ክዳኑ ላይ ተኛ። እንደ ተኛ ቀረ። ጥርሱ ደግሞ ሲታይ ከዳር እስከ ዳር አበራ። ደጅ ያሉት ሴቶች እልል አሉ፤ ከየእንሰቱ ሥር ሰው ወጣ። ላምቦሬ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆየና፣ "ዱቄት ዓይኔ ገባ" አለ።

ሰኞ ስብሰባው ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ሆነ። ካድሬው ወንበር ላይ፣ ሕዝቡ ሣር ላይ፣ ላምቦሬ ከጠባቂው ጋር ቆሟል። አንድ ገጼን አነበብኩ። ኩሽኔታው በአገልግሎት ብዛት እንዳለቀ፣ ጥርሶቹ በጫፍ ብቻ እንደተያያዙ፣ ድምፁ ከማዶው እንዲለይ ፍጥነቱ መቀነሱ ከዚህ ጋር ሲገጥም ማርሹ እንደተንቀጠቀጠ፣ አንዱ ያለ ሌላው ምንም እንደማይጎዳ ጻፍኩ። ማን አዘዘ የሚለውን አልጻፍኩም። እጄ አልሄደልኝም።

ካድሬው በትሕትና ሰማኝ። "እናመሰግናለን፣ ጓድ ኢንጂነር። ስለዚህ ፍጥነቱ ባይቀነስ ጥርሱ አይሰበርም ነበር።"

"ያኔ አይሰበርም ነበር፤ ግን…"

"ማን ቀነሰው?"

"እኔ" አለ ላምቦሬ።

"ማን አዘዘህ?"

ላምቦሬ መሬቱን አየ። እኔ ያነበብኩትን ወረቀት እየጨመደድኩ አቶ ሄራሞን አየሁ። እሳቸው እኔን አላዩኝም። ቀስ ብለው፣ ለመነሣትም ሳይቸኩሉ፣ ተነሡ።

"እኔ ነኝ ያዘዝኩት" አሉ። "እሱ ሠራተኛ ነው። የታዘዘውን አደረገ። መያዝ ካለብኝ ይኸው።"

ጠባቂው ከላምቦሬ ወደ አቶ ሄራሞ፣ ከአቶ ሄራሞ ወደ ካድሬው አየ። ያን ጊዜ ከሴቶቹ መካከል ወይዘሮ አስቴር ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙ።

"ጓድ፣ እሱ ብቻውን አይደለም" አሉ። "ድምፁ መጀመሪያ የተሰማ ቀን እርስዎም እዚህ ነበሩ፤ እዚያው ወንበር ላይ። 'የማኅበር ድምፅ ማለት ይሄ ነው' ብለው አጨበጨቡ። እኛም እርስዎን አይተን አጨበጨብን።"

አንድ ሰው ሳል መስሎ ሳቀ። ሌላው ተከተለ። ካድሬው ፊቱ ቀላ፣ እስክሪብቶውን ከፈተ፣ ዘጋ። ማስታወሱ ፊቱ ላይ ታየኝ። ከዚያ ወደኔ ዞረ።

"ጓድ ኢንጂነር፣ ጽሑፍህ ላይ 'የቴክኒክ ጉድለት' የሚል ቃል አለ?"

"የለም፣ ግን ማለት…"

"ጨምርበት። ስብሰባው ተዘግቷል።"

ተፈትተሃል ያለው የለም። ካድሬው መኪናው ገብቶ ሄደ፤ ጠባቂው ጠመንጃውን አነገተና ወደ ምሳው ሄደ። ላምቦሬ ባቆሙት ቦታ ቆሞ ቀረ፤ ሚስቱ መጥታ እጅጌውን እስክትጎትተው አልተንቀሳቀሰም። ማታ አቶ ሄራሞ ቤት ማንም አልሳቀም። "ነገ ቢመለሱስ?" አሉ ወይዘሮ አስቴር። ከመብላታችን በፊት አቶ ሄራሞ ጸለዩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ሰማሁ።

ማክሰኞ ማለዳ ጉሙ እጅህን አያሳይህም። ወይዘሮ አስቴር ቆጮ በቅጠል ጠቅልለው ሰጡኝና ጊምቢቹ ድረስ ሸኙኝ። ወፍጮ ቤቱን ሳልፍ በሩ ገና ዝግ ነበር። ገና ማለዳ ስለሆነ ነው አልኩ። ወይም ሌሊት ወስደውታል አልኩ። በከድር መኪና ላይ መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩ፤ ጆሮዬን ባወጣም የሚሰማኝ የሱ ሞተር ብቻ ነው።

"ምን ሆነሃል? ቂጥህ ላይ እሾህ አለ?" አለኝ ከድር በመስተዋቱ እያየኝ።

"ወፍጮው እየሠራ እንደሆነ ማወቅ አልቻልኩም።"

ዳገቱን ጨርሰን ጉብታው ላይ ስንደርስ መኪናውን ጥግ አስያዘ፣ እጁን ወደ ቁልፉ ሰደደ። ተሳፋሪው ሁሉ ባንድ ድምፅ፣ "ኧረ ከድር! ኧረ እንዳታጠፋው!" አለ።

አጠፋው።

እንዲህ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። አንድ ዶሮ ከወንበር ሥር ጉርር አለች። ሕፃን ሊያለቅስ ሲል እናቱ ጡት አጎረሰችው። ማንም አልጠየቀም፤ ለካ ሁሉም ያውቅ ኖሯል። ከታች፣ ከጉሙ ውስጥ፣ ምንም የለም። ምንም። ከድር መሪው ላይ ግንባሩን አስደገፈ።

ከዚያ፣ ዱም።

ዱም… ዱም… ዱም።

አንዲት ሴት፣ "የኛ ነው" አለች፣ ቀስ ብላ። እኔ አለቀስኩ፤ የሚያይ ይይ። ከድር መሐረቡን አውጥቶ አፍንጫውን ተናፈጠ፣ መስኮቱን ዘጋ፣ ወደ ኋላ ዞረ።

"በሉ እንግዲህ፣ ወንዶች ውረዱ" አለ። "ኢንጂነሩ ከፊት።"